የቬልዶራ ጀልባዎች ነጭ ነበሩ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1907፣ ሊቨርፑል

ሳይላስ ዛሬ ቤቱ ገባ። ከሰጠመችው ከቬልዶራ መርከብ መዳኑን ጋዜጣው ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ ስሙን ግን «ፔንዳል» ማለት ትቶ «ፔንድል» ብሎ አወጣው። ፔንድል የሚባል ሌላ ሰው ተርፎ ባሌ የሰጠመ እንደሆነስ እያልኩ ጋዜጣውን ሳጥፍና ስዘረጋ ከረምኩ። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ፊደል ለቃሚ ይሆናል።

የአየርላንድ ዓሣ አጥማጆች የሰጡትን ሹራብ ለብሷል። ለአጭር ሰው የተሠራ ነው፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀርቷል። በሩ ላይ ቆሞ «ሻይ አለ?» አለ። አለ አልኩት። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስሠራ ባነበብኳቸው ልብ ወለዶች ከመርከብ አደጋ የተረፈ ሰው ሚስቱን አቅፎ ያለቅሳል። እኔም ለማልቀስ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ሻዩን ሳፈላ ጊዜው አለፈ።

ኩባያውን መያዝ አቃተው። መዳፉ ተልጧል። ገመድ ነው አለ። እጁን ሳጥብለት ከጥፍሮቹ ሥር ነጭ ነገር ተሰግስጎ አገኘሁ። ጨው መስሎኝ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ አልሟሟም። በመርፌ ጫፍ ለቀምኩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቀለም።»

«ከየት የመጣ?»

«ከመርከቧ ነዋ። ከየት ይመጣል?»

የመርከበኞች አለቃ ማለት ግማሹ ቀለም ቀቢ ነው፤ ይኼን ለማወቅ እሱን ማግባት ይበቃል። ቀለም ግን ከእጅ ጀርባ ላይ ነው የሚገኘው። ከጥፍር ሥር አይቼው አላውቅም።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

ጎረቤታችን እትዬ ዶርካስ ኮርሌት መጡ። ልጃቸው ዊልፍ በዚያችው በቬልዶራ የመመገቢያ ክፍል አስተናጋጅ ነበር። አልተገኘም። ሥራውን ያስገባው ሳይላስ ነው።

ገና «እንዴት ነህ ሳይላስ» ከማለታቸው እሱ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ። የከሰሉን ክምር ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ሲያዛውር ይሰማናል።

«ተይው» አሉኝ እትዬ ዶርካስ። «ሲረጋጋ ይነግረኛል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዊልፍን ታውቂዋለሽ፤ ወንበር ካየ ሳይቀመጥ አያልፍም። ትራም ሲጠብቅ እንኳ የሰው ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ያ ሁሉ ጀልባ፣ ያ ሁሉ መቀመጫ እያለ እንዴት ቆሞ ቀረ?»

ሌላ ሻይ ቀዳሁላቸው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 28

የኩባንያው የወደብ ሹም አቶ ታፕስኮት መጣ። ትልቅ የአሳማ ጭን በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል። ከአደጋ በኋላ ከኩባንያ የሚመጣ የአሳማ ጭን የአፍ መዝጊያ መሆኑን በዚህ ሰፈር የማያውቅ የለም፤ ሽታው አራት ቤት ድረስ ይሄዳል።

«ለእርስዎ ነው ወይዘሮ ፔንዳል» አለኝ። ከዚያ ወደ ሳይላስ ዞሮ፦ «መቼም ያቺ መርከብ ክፉኛ ነው ያጋደለችው። ወደ ግራ። በቀኝ በኩል ያሉት ጀልባዎች ወደ ውስጥ ተንጋለው መውረድ አልቻሉም። እንዲህ አይደል?»

ሳይላስ እሳቱ ላይ ከሰል ጨመረ።

«ነው እንጂ» አለ ታፕስኮት፣ ራሱ መልሶ። «ደግሞ እኮ ደክመሃል። የወደቡ መጋዘን አለቃ በገና ጡረታ ይወጣል። ቦታው የአንተ ነው ብያለሁ። ማታ ማታ ከሚስትህ ጋር ትበላለህ።»

ከተጋባን ጀምሮ የምመኘው ይኼንን ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የጣሪያው ክዳን ሲንቀጫቀጭ ተኝቼ የምለምነው ይኼንኑ ነው። እና ሲመጣ ከአሳማ ሥጋ ጋር ተጠቅልሎ መጣ።

ቆርጬ አቀረብኩለት። ሳይላስ አልበላም። እኔ በላሁ። ጥሩ ሥጋ ነበር፤ ይኼንንም ልጻፈው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 2

ምንም። ዝናብ። ሳይላስ የኋላውን በር ቀለም ፍቆ ወደ እንጨቱ አደረሰው። መቼ ትቀባዋለህ አልኩት። አልቀባውም አለ።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 5

ዛሬ ዓመታዊው የእሳት ማታ ነው፤ የመንገዱ ልጆች እንደ ልማዱ ገለባ የሞሉትን የጨርቅ ሰውዬ አቃጠሉ፤ ርችት ተኮሱ። የመጀመሪያው ርችት ሲወጣ ሳይላስ ሹካውን አስቀምጦ «እኛም ተኩሰናል፤ በጉም ውስጥ ግን እነማን ያዩታል» አለ። ከመጣ ጀምሮ ያወራው ረጅሙ ወሬ ይኼ ነው። ሳህኑን ይዞ ከሰል ቤት ገባና እዚያው እራቱን ጨረሰ።

ሳስበው፦ ያለፈው ፋሲካ ማግስት ቬልዶራን ወደቡ ላይ አሳይቶኝ ነበር። በጭሱ ሁሉ መካከል ጀልባዎቿ ብቻ ያበራሉ። «የሙሽራ ጥርስ ይመስላሉ» አልኩት። ጆሮው ድረስ ቀላ። በሚቀጥለው ጉዞ፣ ሁለት እጅ ቅብ ይበቃ የነበረውን ሦስት እንዳደረገው ራሱ እየሳቀ ነገረኝ። ምነው ስለ ጭስ ማውጫው ባወራሁ።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 11

የአደጋውን ምክንያት የሚያጣራው ጉባኤ ተከፈተ። ከእትዬ ዶርካስ ጋር ከላይ ባለው ሰገነት ተቀመጥን። ዳቦና አይብ በቦርሳ ይዘዋል። ከዳኛው ግራና ቀኝ ሁለት ጡረታ የወጡ ካፒቴኖች አሉ፤ አንደኛው ቀኑን ሙሉ ዓይኑን አልገለጠም።

የዛሬው ጉዳይ ሕጉ ነበር። የኩባንያው ጠበቃ የሕግ አዋቂውን ጠየቀ።

«ይህን የምታህል መርከብ በሕጉ ስንት የነፍስ አድን ጀልባ ይፈለግባታል?»

«አሥር።»

«ቬልዶራ ስንት ነበራት?»

«አሥራ ሁለት።»

በአዳራሹ የእርካታ ማጉረምረም ተሰማ፤ መርከቧ ከታዘዘችው በላይ ሠርታ የሰጠመች ያህል። ከዚያ የሟች ቤተሰቦች ጠበቃ አቶ ኩዊሊያም ተነሣ። ቀጭን ነው፤ ጉንፋን ይዞታል።

«ስምንት መቶ ሰው ተሳፍሮ ነበር። በአሥራ ሁለቱ ጀልባ ስንቱ ይቀመጣል?»

«አምስት መቶ ይሆናል።»

«የቀሩትስ?»

«ሕጉ የሚመለከተው የመርከቧን መጠን ነው እንጂ የሰዉን ብዛት አይደለም።»

ማንም አልሳቀም። በዚህ አካሄድ ከሆነ ቤት የሚያከራይ ሰው አልጋ የሚያዘጋጀው በራሱ ውፍረት ልክ ነው፤ ተከራዩ ስንት ይሁን ስንት። እትዬ ዶርካስ ጠጋ ብለው «ምን አሉ?» አሉኝ። «ሕጉ ተከብሯል አሉ» አልኳቸው። «ደግ» አሉና ዳቦውን ለሁለት ቆረሱት።

ስንመለስ እትዬ ዶርካስ የአቶ ኩዊሊያምን ቢሮ አሳዩኝ፤ ዴል ጎዳና ላይ፣ ከክር ሱቁ በላይ ነው። ደረጃው ለጉልበታቸው ከበደ እንጂ ሰውየው ደግ ነው ብለዋል።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 13

መጥፎ ቀን። የኩባንያው ጠበቃ በቀኝ በኩል ካሉት ጀልባዎች አራቱ ለምን እንዳልወረዱ አስረዳ። አንደኛ፣ መርከቧ አጋድላለች። ሁለተኛ፣ ገመዱን መሳብ የነበረባቸው አስተናጋጆች «እንደሚመስለው በቦታቸው አልተገኙም»። ዘጠኝ ቁጥር ጀልባን ለይቶ ጠራት። ዊልፍ የተመደበው በዘጠኝ ቁጥር ነው።

ከኋላችን አንድ ሰው «ሳህን ለማንሣት ሲሆን ሩጫ ያውቃሉ» አለ። ሰው ሳቀ። እትዬ ዶርካስ ቦርሳቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው ወለሉ ላይ አስቀመጡት፤ እንደገና አነሡት።

መንገድ ላይ «ሸሽቷል ማለታቸው ነው?» አሉኝ።

«እንደሚመስለው ነው ያሉት።»

«እኔን አይመስለኝም። ለመሸሽም እኮ መነሣት ያስፈልጋል።»

ማታ፣ የመርከቧ አናጢ የነበረው ጎርስት ከሳይላስ ጋር ወጥ ቤት ተቀመጠ። እኔ ሳህን ሳጥብ ነበር። ወንዶች ሳህን የምታጥብ ሴት ጆሮ የላትም ብለው ያምናሉ።

«አጋደለች በል፣ ከመመስከሪያው ውረድ» አለው ጎርስት። «ከማጋደል ጋር ማን ይከራከራል? እኔ ዛሬ ብያለሁ። ምላሴ አልተቆረጠም።»

«ጀልባዎቹን ስንስብ ሲጋራ አስቀምጠህባት የማይንከባለልባት መርከብ ነበረች፣ ጎርስት።»

«ሲጋራውን ማን ጠየቀህ? የሚጠይቁህን ብቻ መልስ። ስለ ቀለሙ ማንም አያውቅም፣ ስለዚህ ማንም አይጠይቅም። በተለይ ቢላዎቹን እንዳታነሣ። ይስቁብሃል።»

ሳይላስ መዳፉን እያሻሸ፦ «ዊልፍ ሁለት ይዞ መጣ። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ» አለ።

«የሞተ ሞቷል፣ ወንድሜ። አንተ መጋዘን ይዘሃል።»

ሳህኖቹን ሁለተኛ አጠብኳቸው።

እትዬ ዶርካስ በግድግዳው ማዶ ይሳላሉ። ግድግዳው አንድ ጡብ ነው። በዚያ በኩል የሚያስሉትን እኔ ከሰማሁ በዚህ በኩል የተባለውን እሳቸው ላለመስማታቸው ምን ዋስትና አለኝ? አልሰሙም። ቢሰሙ ይመጡ ነበር። ወይም ከእንግዲህ አይመጡም ነበር።

ስለ ነገሩ ምንም አላውቅም። ሳህን ነው ያጠብኩት። ሳይላስ ነገ ሳይሆን ከነገ ወዲያ ይመሰክራል፤ ገና ሲመጣ መጋዘን ይገባል፤ ክረምቱን ሁሉ በዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በማዶው ደግሞ እሳቸው ይቀመጣሉ፣ የሸሸ ልጅ እናት ሆነው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

ክር ልገዛ ዴል ጎዳና ወጣሁ። ቆየሁ። ደረጃው በእርግጥም ጉልበት ይፈትናል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 15

ሳይላስ መሰከረ። የክት ኮቱን ለብሷል። መጀመሪያ የኩባንያው ጠበቃ ጠየቀው፤ ስሙን፣ ስንት ዘመን በባሕር እንደኖረ፣ ጀልባዎቹ በጥሩ ሁኔታ ይያዙ እንደነበር። በጥሩ ሁኔታ ይያዙ ነበር አለ። ጠበቃው አመስግኖት ተቀመጠ። ታፕስኮት ከታች ሆኖ እግሩን ዘረጋ።

ኩዊሊያም አፍንጫውን ጠርጎ ተነሣ።

«አቶ ፔንዳል፣ ዘጠኝ ቁጥር ጀልባ ለመጨረሻ ጊዜ ከተቀመጠችበት የእንጨት መደገፊያ የተነሣችው መቼ ነው?»

ሳይላስ ቀና ብሎ ወደ ሰገነቱ አየ። እትዬ ዶርካስን ያየ መስሎኝ ነበር፤ እኔን ነው። የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ይዞ ማዞር ጀመረ።

«ጥያቄው ተሰምቶዎታል?» አለ ዳኛው።

«ተሰምቶኛል ጌታዬ። መርከቧ ከተሠራች ወዲህ ተነሥታ አታውቅም።»

«ቀለም ግን ትቀባ ነበር?» አለ ኩዊሊያም።

«በየጉዞው።»

«ከነመደገፊያዋ?»

«ከነመደገፊያዋ።»

ዓይኑን ያልገለጠው ካፒቴን ዓይኑን ገለጠ። «ለመለማመድስ አታወርዷትም?» አለ።

«ከመነሣታችን በፊት የመርከብ መርማሪው ሲመጣ አንድና ሁለት ቁጥርን አውርደን እናሳያለን። ሁልጊዜ እነሱኑ፤ ለእሱ መውጫ ደረጃ ቅርብ ናቸው። ሌሎቹን በዓይኑ ያያል። በዓይን የሚታየው ደግሞ ቀለሙ ነው ጌታዬ። ነጭ ከሆነ ደህና ነው።»

«በግራ በኩል ያሉት ወርደዋል እኮ» አለ ካፒቴኑ።

«የግራዎቹን በጸደይ ከሥራቸው ያለው ሳንቃ ሲቀየር አንሥተናቸው ነበር። የቀኙን አላነሣንም። ገመዱን ሳብን፤ ዘጠኝ ቁጥር አልተነቃነቀችም። የዓመታቱ ቀለም ጀልባዋንና መደገፊያዋን አንድ ዕቃ አድርጓቸዋል። ማሰሪያው የሚፈታበት ቀለበትም አብሮ ተቀብቷል። በዚያ ጉም ክፍተቱ የት እንደነበር አይለይም፤ ሁሉም ነጭ ነው።»

የኩባንያው ጠበቃ ብድግ አለ። «ምስክሩ ለአቶ ታፕስኮት የነገሩት ሌላ ነው። መርከቧ አጋደለች ብለዋል።»

«እሳቸው ነገሩኝ እንጂ እኔ አልነገርኳቸውም» አለ ሳይላስ።

ሰው ሳቀ፤ ዳኛው ጠረጴዛውን መታ። ኩዊሊያም ቀጠለ።

«አስተናጋጆቹ የት ነበሩ?»

«ከእኔ ጋር።»

«ሁሉም?»

«የዘጠኝ ቁጥሮቹ ሁሉም። መጥረቢያው አንድ ነበር፤ እሱን አናጢው ለሰባት ቁጥር ወሰደው። ልጆቹ ሮጠው ሄዱና ከመመገቢያው ክፍል ቢላዎች ይዘው መጡ።»

«ቢላ? ምን ሊያደርግ?»

«ቀለሙን ሊቆርጥ።»

የሳቀ የለም። ጎርስት ተሳስቶ ነበር።

«ኮርሌት የሚባለው ሁለት ይዞ መጣ። አንዱን ለእኔ ሰጠኝ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ፋቅን። ቢላው ሲታጠፍ በጥፍር ሞከርን። ውኃው ሲመጣ እኔን ወሰደኝ፤ አሥራ ሁለት ቁጥር አነሣችኝ። እሱን መጨረሻ ሳየው ይፍቅ ነበር።»

ዳኛው ብዕሩን አስቀመጠ። «ያን ያህል ቀለም እንዲቀባ ያዘዘዎት ማን ነው?»

«ሁለቱን እጅ ኩባንያው። ሦስተኛውን ማንም አላዘዘኝም። የራሴ ነው።»

የራሴ ነው አለ። ምክንያቱን አልጠየቁትም፤ እሱም አልተናገረም።

እትዬ ዶርካስ ክንዴን ያዙኝ። «ቆሞ?» አሉ።

«ምን አሉኝ?»

«ቆሞ ነበር የሚፍቀው?»

«አዎ፣ ቆሞ።»

ክንዴን ለቀቁኝ። ዳቦውን ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ትተውት፣ ሳይጠብቁኝ ወጡ።

ማታ ሳይላስ ኮቱን ወንበር ላይ አደረገ። የላይኛው ቁልፍ ተነቅሎ እጁ ላይ ነው።

«ክር አለሽ?»

«የለኝም።»

«ትናንት ክር ልገዛ ብለሽ አልነበረም የወጣሽው?»

«የምፈልገው ቀለም አልነበራቸውም።»

«ምን ቀለም ነበር የፈለግሽው?»

የራቱን ሳህኖች ማንሣት ጀመርኩ። ቁልፉን ኪሱ ከተተና መብራቱን ይዞ ወደ ላይ ወጣ።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 20

ታፕስኮት ገበያ ላይ አገኘኝ። ባርኔጣውን አላነሣም። የመጋዘኑን ቦታ ለጎርስት ሰጥተውታል። የጎርስት ሚስት መንገዱን ተሻግራ «በእናንተ ቦታ ገባን ብለሽ እንዳታዝኚ» አለችኝ። አላዝንም አልኳት። ቤት ገብቼ አዘንኩ።

ሳይላስ ይበላል፣ ይተኛል፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ስለ ሐሙሱ አንድ ቃል አልተናገረም። ቢጮህብኝ ምን እንደምመልስ አዘጋጅቼአለሁ፤ ጥሩ መልስ ነው። አይጮህም። እትዬ ዶርካስም አልመጡም። ሳላቸው ግን አለ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 28

ፍርዱ ወጣ። ጋዜጣው ሙሉውን አትሞታል። ለአደጋው ምክንያት ጉሙና የመርከቧ ፍጥነት። የጀልባው ቁጥር ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ነበር። ጀልባዎችን «በየጊዜው ማንሣት ይመከራል»። ቀለም የሚለውን ቃል ፈለግኩ፤ አንድ ቦታ አገኘሁት፦ «ጀልባዎቹ በሚገባ የተቀቡና በመልካም ይዞታ የነበሩ ናቸው።» ይኼንን የጻፈ ሰው በልብ ወለድ ሞያ ቢሰማራ ይዋጣለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዶርካስ ናቸው፤ ጋዜጣውን ይዘዋል። ማንበብ አይችሉም።

«የእኛን ቦታ አንብቢልኝ» አሉ። አልተቀመጡም።

አነበብኩላቸው። አንድ መስመር ነው፦ አስተናጋጆቹ በቦታቸው ነበሩ፤ እስከ መጨረሻው ተግባራቸውን ፈጽመዋል።

«ድገሚው።»

ደገምኩት። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ቦታውን ያዙ፤ ጣታቸውን ሳያነሡ ጋዜጣውን አጥፈው ሄዱ። ሳይላስ ጓሮ ነበር። ጭራሽ ስሙን አላነሡም።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 4

ሳይላስ በአንዲት የእንጨት ጫኝ መርከብ ተራ መርከበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ነገ ይነሣሉ። ለአለቃነት የጠየቀው ሁሉ «አንተ ያ የቀለሙ ሰውዬ ነህ?» ይለዋል። የመርከቧ ጀልባ ሁለት ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት ሄዶ ሁለቱንም ከመደገፊያቸው አንሥቶ መልሶ እንዳስቀመጣቸው፣ መርከበኞቹም እንደሳቁበት ነገረኝ። ይኼን ሲነግረኝ እሱም ትንሽ ፈገግ አለ።

ጓዙን ሳዘጋጅ ኮቱን አነሣሁ። ቁልፉ አሁንም የለም። ክር ልገዛ ልውጣ አልኩት።

«አንቺ አትውጪ» አለ። ኮቱን ከእጄ ወስዶ ሄደ። የጎረቤቱ በር ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከአደጋው ወዲህ ያንን ደጃፍ ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ሳል እንኳ የለም። ድንቹ ተቃጠለ።

ሲመለስ ኮቱን ለብሶታል። ቁልፉ በቦታው ነው።

«ማን ሰፋልህ?»

«እሳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«ምንም። ነጭ ክር ነው ያለኝ አሉ።»

ቀረብ ብዬ አየሁት። ክሩ ሲሄድ ሲመለስ፣ ሲሄድ ሲመለስ፣ ቁልፉ ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ እስኪቀር ተሰፍቷል። ልቆልፍለት ሞከርኩ፤ ከሥሩ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት የለም፣ በቀዳዳው አያልፍም።

«ልፍታውና ላላ አድርጌ ልስፋው» አልኩት። «ባሕር ላይ ብርድ ነው።»

እጄን በእጁ ሸፈነው። መዳፉ አሁን ድኗል።

«ተዪው» አለ። «እንዲሁ ይሁን።»

ኮቱን ከፍቶ እንደለበሰ እራቱን በላ።